ጨው ለምን ቶሎ ቶሎ ያልቅብኛል?

ጥያቄ፦ ሰላም አዘጋጆች እንደምን ናችሁ። የምኖረው አሌክሳንድሪያ ቨርጂኒያ ነው፣ ሳሎናችን ውስጥ 40 ጋሎን የሚይዝ የባህር ውሃ አኳሪየም አለኝ፣ 2 ክላውንፊሽ፣ ድንጋይና ሁለት ሶስት ለስላሳ ኮራል (ድንጋይ ላይ ተጣብቆ የሚኖር የባህር እንስሳ) ነው ያለው። በየሳምንቱ 4 ጋሎን እቀይራለሁ። ጨው ግን አልቻልኩትም፣ ትንሿን ከረጢት እየገዛሁ ገና ሳልጀምራት ታልቃለች፣ በተለይ የቤቱ ሂተር ከበራ ወዲህ በቀን ግማሽ ጋሎን ያህል ውሃ ስለሚጎድል በጨው ውሃ እየሞላሁ 3 ሳምንት ሆነኝ። ሱቅ ያለው ልጅ ውዱን የኮራል ጨው ካልገዛህ ብሎ ይዞኛል። እናቴ ደሞ ከአዲስ አበባ ስትመጣ አሞሌ ይዛ መጥታ ነበር፣ ጨው ጨው ነው እሱን ፍጭና ጨምርበት ትለኛለች። በዛ ላይ አንደኛው ዓሳ ሰሞኑን ቶሎ ቶሎ ይተነፍሳል፣ ኮራሎቹም አይከፈቱም። ርካሽ ጨው ስለገዛሁ ይሆን? የጨው መለኪያዬ ከተሰበረ ቆይቷል።

መልስ፦ ወንድሜ፣ የጨው ዋጋ ትንሽ ይቆየንና ነገሩ ያለው "በጨው ውሃ እየሞላሁ" ያልከው ላይ ነው። ከአኳሪየም የሚተነው ውሃው ብቻ ነው፣ ጨው አይተንም፣ እዛው ነው የሚቀረው። አንተ ደሞ በላዩ ላይ ሌላ ጨው ትጨምርበታለህ። እስቲ አስላው፣ በቀን ግማሽ ጋሎን በ21 ቀን 10 ጋሎን ተኩል ነው፣ ለ1 ጋሎን ግማሽ ካፕ ጨው ካልን ከ5 ካፕ በላይ ጨው ያለ ቦታው ገብቷል ማለት ነው፣ ውሃ ስትቀይር የወጣው ቢወጣም። የባህር ውሃ ጨዋማነቱ በሺህ 35 አካባቢ ነው፣ ማለትም በሺህ ግራም ውሃ ውስጥ 35 ግራም ጨው፣ ያንተ ከ40 አልፎ ቢገኝ አልገረምም። ዓሳው ቢያለከልክ፣ ኮራሉም ቢጨማደድ በኔ ግምት ምክንያቱ ይሄ ነው። ጨውህም ቶሎ የሚያልቀው ለዚሁ ነው፣ በወር ለመቀየሪያ ከምትጠቀመው ጋር እኩል የሚሆን ጨው ለመሙያ እያጠፋህ ነው።

ስለዚ ዛሬውኑ ሁለት ነገር አድርግ። አንደኛ የጎደለውን በንጹህ ውሃ ብቻ ሙላ። ሁለተኛ ሪፍራክቶሜትር ግዛ (በብርሃን የውሃውን ጨው የሚለካ መሳሪያ ነው)፣ ያቺን በመርፌ የምታሳየውን ፕላስቲክ አይደለም፣ እሷ መርፌዋ ላይ ትንሽ አረፋ ከተጣበቀ ወይ ጨው ከደረቀባት ትዋሻለች። ከሪፍራክቶሜትሩ ጋር 35 ተብሎ የተሰራውን ማስተካከያ ፈሳሽም ውሰድ። ከዛ ለካና ከፍ ካለ በቀን 1 ጋሎን ከአኳሪየሙ አውጥተህ 1 ጋሎን ንጹህ ውሃ ተካበት፣ ይሄ ጨዋማነቱን በቀን በሺህ 1 ያህል ነው የሚያወርድልህ፣ ሳምንት ይፈጃል ግን አትቸኩል፣ በአንድ ቀን ላውርድ ካልክ ኮራሎቹን ትጨርሳቸዋለህ።

ንጹህ ውሃ ስልህ ግን የቧንቧውን አይደለም። እናንተ ጋ ሰሜን ቨርጂኒያም ሆነ ዲሲ ውሃው ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ የሚገባው ክሎራሚን (ከክሎሪንና ከአሞኒያ የሚሰራ የጀርም ማጥፊያ) ነው፣ ድሮ እንደምናውቀው ባልዲ ውስጥ ቀድተህ ስላሳደርከው አይጠፋም። ከዓሳ ሱቅ የአርኦ ውሃ (በጣም ረቂቅ በሆነ ማጣሪያ የተጣራ ውሃ) በጋሎን ግዛ ወይ ማጣሪያውን ራሱን ቤት አስገባ፣ ውሃ መሸከም እስኪሰለችህ ድረስ ብቻ ነው ሂሳቡ የሚያጠያይቀው።

አሁን ወደ ጨው ዋጋ። ላንተ ዓይነት ቤት መደበኛው ጨው ይበቃል። ኢንስታንት ኦሽን ብዙ ሰው ለረጅም ዓመት የሚጠቀምበት ነው፣ ሪፍ ክሪስታልስ የዛው ድርጅት ሆኖ ካልሲየም ምናምኑ ከፍ ያለ ነው፣ ሬድ ሲ ኮራል ፕሮና የመሳሰሉት ደሞ ጠንካራ ኮራል ለሚያሳድግ ሰው ናቸው፣ ያ ኮራል አጥንቱን የሚሰራው ከውሃው ካልሲየም እየሳበ ስለሆነ። 2 ክላውንፊሽና ለስላሳ ኮራል ይዘህ ያንን መክፈል ለኔ ለሰፈር ታክሲ የአውሮፕላን ነዳጅ እንደመቅዳት ነው። ሱቅ ያለው ልጅ ምን ያድርግ፣ ስራው ነው።

ቅናሽ የምታገኘው በብራንድ ሳይሆን በመጠን ነው። ዋጋውን ለሚያወጣው ጋሎን አካፍለው። ለምሳሌ 10 ጋሎን የምታወጣዋ ከረጢት 8 ዶላር ብትሆን ጋሎኑ 80 ሳንቲም ነው፣ 160 ጋሎን የሚያወጣው ባልዲ 60 ዶላር ቢሆን ግን ጋሎኑ ወደ 38 ሳንቲም ይወርዳል። በሳምንት 4 ጋሎን ለምትቀይር ሰው ያ ባልዲ 40 ሳምንት ይሄዳል። 4 ከረጢት ያለው የ200 ጋሎን ካርቶንም አለ፣ እሱን የምወደው ያልተከፈተው ከረጢት እርጥበት ስለማያገኘው ነው። ባልዲ ከሆነ ክዳኑን ጥብቅ አድርገህ ዝጋ፣ ከመቅዳትህ በፊት ደሞ መሬት ላይ አንከባለው፣ ደቃቁ ወደ ታች ስለሚወርድ ከላይ የምትቀዳውና ከስር የምትቀዳው አንድ አይሆንም። ስትበጠብጥ ጨው ወደ ውሃ ነው እንጂ ውሃ ወደ ጨው አይደለም፣ በትንሽ ፓምፕ እያዞርክ፣ ለብ አድርገህ፣ ጥርት ሲል ለክተህ ጨምር።

የእናትህን ነገር ረሳሁት እንዴ! አሞሌውን ለወጥ አስቀምጠው። አፋር ያለው ጨው ድሮ ቀይ ባህር እዛ ድረስ ገብቶ የደረቀው ነው፣ ስለዚ እማማ ከባህር ነው ቢሉ አልተሳሳቱም። ግን የባህር ውሃ ሲደርቅ ሁሉም ነገር እኩል አይወርድም፣ መጀመሪያ ኖራው፣ ቀጥሎ ጂፕሰሙ፣ ከዛ ነው የምንበላው ጨው የሚወርደው፣ ማግኒዚየሙ አብዛኛው እስከ መጨረሻ ፈሳሹ ውስጥ ይቀራል። እና አሞሌ ማለት ከባህሩ ውስጥ አንዱ ክፍል ብቻ ተለይቶ የወጣ ነው፣ የሱፐርማርኬት የገበታ ጨውም እንደዛው፣ የአኳሪየም ጨው ስትገዛ የምትከፍለው ለዛ ለቀረው ለነማግኒዚየም ነው።

ጥያቄ፦ እኔ ደሞ ከአሽዶድ፣ እስራኤል ነኝ። ባህሩ ከቤቴ 10 ደቂቃ ነው፣ ለምን ጨው እገዛለሁ? በጀሪካን ብቀዳስ?

መልስ፦ እህቴ ይቻላል፣ የሚያደርጉትም አሉ። ግን ያ ውሃ ከተለመደው ይበልጥ ጨዋማ ነው፣ በሺህ 39 አካባቢ፣ ስለዚ ለ10 ሊትር ከ1 ሊትር ትንሽ በለጥ ያለ የአርኦ ውሃ ጨምረሽ ለኪው። ከወደቡና ከወንዝ አፍ ራቅ ብለሽ ቅጂ፣ ዝናብ በዘነበ ሰሞን ተይው፣ ጎርፉ ምን ይዞ እንደወረደ አይታወቅም። ጀሪካኑን ደሞ ለዚሁ ብቻ አድርጊው፣ በረኪና የነካው ዕቃ አደራ።