የጊት ጥያቄዎቻችሁን አምጡ፦ ጥያቄና መልስ

ተርሚናል (ትእዛዝ በጽሑፍ የሚሰጥበት መስኮት) ላይ ጊት (የኮድ ለውጦችን ታሪክ የሚመዘግብ መሣሪያ) ስትጠቀሙ ግራ ያጋባችሁን ጠይቁ፤ የምችለውን እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ ጀማሪዋ ነኝ። ኮሚት ካደረግኩ (ለውጤን ከነመልእክቱ ታሪኩ ላይ ከመዘገብኩ) በኋላ መልእክቱ ላይ የፊደል ግድፈት አየሁ። ሌላ ኮሚት ልጨምር?

መልስ፦ ገና ፑሽ ካላደረግሽው (ወደ ጋራው ሰርቨር ካልላክሽው) አያስፈልግም። «ጊት ኮሚት ሰረዝ ሰረዝ አሜንድ» በይ፤ ኤዲተሩ ሲከፈት መልእክቱን አስተካክለሽ ሴቭ አድርጊ። የረሳሽው ፋይል ካለ ቀድመሽ አድ አድርጊው (በ«ጊት አድ» ለኮሚት አዘጋጂው)፣ አብሮ ይገባል። ፑሽ ከተደረገ ግን ተይው። አሜንድ አሮጌውን ኮሚት በአዲስ ይተካዋል፤ ለአንዲት ፊደል ተብሎ የቡድን ታሪክ አይታመስም።

ጥያቄ፦ ሪሴት ሃርድ (ወደ ቀድሞ ኮሚት የሚመልስ ትእዛዝ) ብዬ የሁለት ቀን ሥራ ድራሹ ጠፋ። አለቀልኝ ማለት ነው?

መልስ፦ ቆይ፣ አትደንግጥ። ሥራውን ኮሚት አድርገኸው ነበር?

ጥያቄ፦ አዎ፣ ሦስት ኮሚት ነበር።

መልስ፦ እንግዲያው አልጠፋም። «ጊት ሪፍሎግ» በል። ከዚህ በፊት የቆምክባቸውን ኮሚቶች ከቅርቡ ጀምሮ ይዘረዝርልሃል። ሌላ ነገር ካልነካህ የላይኛው መስመር ራሱ ሪሴቱ ነው፤ ከሥሩ ያለው ከሪሴቱ በፊት የነበርክበት ነው። በግራ በኩል ያለውን አጭር የኮሚት መለያ ኮፒ አድርግ። «ጊት ብራንች ማዳኛ» ብለህ ከኋላው ለጥፈው። በቃ፣ ሦስቱም ኮሚቶች «ማዳኛ» የሚባል ብራንች (የራሱ የሥራ መስመር) ላይ ተቀምጠዋል። ሪፍሎግ ያለው አንተው ማሽን ላይ ነው፣ ሰርቨሩ ላይ አትፈልገው። ብዙም አትዘግይ፤ ቅንብሩን ካልነካኸው እንዲህ የተጣሉ ኮሚቶች መዝገብ የሚያበቃው በ30 ቀን ነው።

ኮሚት ያልተደረገ ለውጥ ቢሆን ኖሮ ሌላ ወሬ ነበር የምናወራው። ሪሴት ሃርድ እሱን ጠራርጎ ነው የሚወስደው። ጊት ውስጥ ሥራ የሚጠፋው በአብዛኛው ኮሚት ሳይደረግ ሲቀር ነው። አደገኛ ትእዛዝ ከመምታትህ በፊት መልእክቱ «ጊዜያዊ» ቢሆንም እንኳ ኮሚት አድርግ፤ በኋላ ታስተካክለዋለህ።

ጥያቄ፦ ቼክአውት ልጠቀም ወይስ ስዊች?

መልስ፦ ስዊች። ቼክአውት ብራንች ይቀይራል፣ ፋይልም ይመልሳል፤ ሁለቱ ሲምታቱ ሰው ሥራውን ያጣል። በ2019 የወጣው ጊት 2.23 ሥራውን ለሁለት ከፈለው፦ ስዊች ለብራንች፣ ሪስቶር ለፋይል። ቼክአውት አሁንም ይሠራል፣ የለመደ ሰው ቢቀጥልበት አልጣላውም።

ጥያቄ፦ ወንድሜ፣ ፓስወርድ ያለበት ፋይል ፑሽ አድርጌያለሁ። ጊትኢግኖር (ጊት እንዲተዋቸው የምንፈልጋቸው ፋይሎች ዝርዝር) ውስጥ ብጽፈውም ጊት መከታተሉን አልተወም።

መልስ፦ መጀመሪያ ፓስወርዱን ቀይር። አሁኑኑ። አንዴ ወጥቷል ብለህ ቁጠረው። ጊትኢግኖር የሚሠራው ገና ክትትል ውስጥ ላልገባ ፋይል ነው። «ጊት አርኤም ሰረዝ ሰረዝ ካሽድ» ብለህ የፋይሉን ስም አስከትል፣ ከዚያ ኮሚት አድርግ። ፋይሉ አንተ ጋ ይቀራል። የቡድንህ አባላት ፑል ሲያደርጉ (ከሰርቨሩ አዲሱን ለውጥ ሲያወርዱ) ግን እነሱ ጋ ይሰረዛል፤ ቀድመህ ንገራቸው። አሮጌ ኮሚቶች ውስጥ አሁንም አለ። እሱን የሚያጸዳ «ጊት ፊልተር ሪፖ» የሚባል ለብቻው የሚጫን መሣሪያ አለ፤ ታሪክ ስለሚቀይር ግን ቡድኑ ሳይስማማ አትንካው።

ጥያቄ፦ ባለፈው ወር ይሠራ የነበረ ገጽ ዛሬ አይሠራም። በመሃሉ ወደ 1000 ኮሚት አለ። ጥፋተኛውን እንዴት ልያዘው?

መልስ፦ ባይሴክት፣ የኔ ተወዳጅ ትእዛዝ! «ጊት ባይሴክት ስታርት» በል። አሁን ያለህበትን «ጊት ባይሴክት ባድ»፣ ይሠራ የነበረውን ደግሞ ከነመለያው «ጊት ባይሴክት ጉድ» በለው። ጊት መሃል ያለውን ኮሚት ያወጣልሃል፤ ሞክረህ ጉድ ወይም ባድ ትለዋለህ። በየዙሩ ግማሹ ስለሚቀነስ 1000ው በ10 ሙከራ ገደማ ያልቃል። ስትጨርስ «ጊት ባይሴክት ሪሴት» ማለት አትርሳ፤ አለዚያ ከብራንችህ ውጪ ተንጠልጥለህ ትቀራለህ።