ገበያ መሃል እንባዬ ይመጣል

ጤና ይስጥልኝ፣ የአምዱ አዘጋጅ። የ46 ዓመት ሴት ነኝ፤ ብቸና ጤፍ እነግዳለሁ። የወር አበባዬ ከተዛባ ዓመት አልፎታል። ሌሊት ላብ ያጠምቀኛል። በዚያ ብርድ ጋቢውን ወርውሬ በር ስከፍት ባለቤቴ «ጅብ ልታስገቢብን ነው?» ይለኛል።

ይህስ ይሁን። የባሰብኝ ሆዴ ነው። ደንበኛ «ትንሽ ቀንሽልኝ» ሲለኝ እንባዬ ይመጣል። ሊጥ አቡክቼ መጋገር አቅቶኝ ሆምጥጦ ተደፋ። ማኅበር ቀርቻለሁ። የባለቤቴ እህት «ዐይነ ጥላ ነው፣ ጠበል ግቢ» ትላለች። ጤና ጣቢያ ብሄድ የራስ ምታት ክኒን ሰጥተው መለሱኝ። የመጀመሪያ ልጄን ወልጄ አራስ ቤት ሳለሁም እንዲህ አድርጎኝ ነበር። ምን ይሻለኛል?

ሆድ የባሳት፣ ከብቸና

እታለም፣ መጨረሻ ላይ ጣል ያደረግሻት የአራስ ቤቷ ነገር ዋናዋ ናት። በአራስነቷ ድባቴ ያገኛት ሴት ማረጥ ሲቃረብም በቀላሉ ትጠቃለች። በዚህ ዕድሜ ኤስትሮጅን የሚባለው ሆርሞን ዝም ብሎ አይቀንስም፤ አንድ ሰሞን ሽቅብ፣ አንድ ሰሞን ቁልቁል ይላል። ስሜትም አብሮ ይናጋል። ላቡ እንቅልፍ ሲነሳሽ ደግሞ በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ።

እንቅርት ካነሳሁ አይቀር፣ ታይሮይድ የሚባለው የአንገት ዕጢ ምርመራ ይሠራልሽ። የደም ማነስም ይታይ፣ በተለይ ደም የሚበዛብሽ ከሆነ። ሁለቱም ድካምና ድብርት ያመጣሉ።

ስትሄጂ «ራሴን አመመኝ» ብለሽ እንዳትቀሪ። የወር አበባውን፣ ላቡን፣ ለቅሶውን፣ አራስ ቤቱን አንድ በአንድ ንገሪያቸው። ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ሆድ ብሶሽ፣ የምትወጂው ሁሉ ካስጠላሽ ሕክምና የሚያሻው ድባቴ ነው። ሆስፒታል የአእምሮ ጤና ባለሙያ ጋር ይላኩሽ። እንደ ፍሉኦክስቲን ያለ መድኃኒት ቢታዘዝልሽ፣ ለመሥራት ሳምንታት ይፈጅበታልና በአምስተኛው ቀን «አልረዳኝም» ብለሽ እንዳትጥይው። የሆርሞን ሕክምናም አለ፤ ለሁሉም ሴት ስለማይሆን ሐኪሙ ይወስን።

ጠበሉን ማን ይከለክልሻል? ግቢ። ክኒኑን ግን እንዳታቋርጪ። ማታ ማታ ቡናና አረቄ ይቅርብሽ። ማኅበሩም ላይ ባትጫወቺ እንኳ ሄደሽ ተቀመጪ።

«ብሞት ይሻለኛል» የሚል ሐሳብ ከመጣብሽ ቀጠሮ አትጠብቂ፤ የዚያኑ ዕለት ለሰው ተናግረሽ ሆስፒታል ሂጂ።

ባለቤትሽንም ይዘሽው ሂጂ፣ ከሐኪም አፍ ይስማው። የወር አበባሽ 12 ወር ሙሉ እስኪጠፋ ድረስ ማርገዝ ትችያለሽና፣ ስለ መከላከያውም አብራችሁ ጠይቁ።