ምን ጎደለ ከማለታችሁ በፊት የት ጎደለ በሉ

በዳታ ምህንድስና ሥራ ለተሰማራችሁ ወጣቶች፤

በዚህ ሙያ ፀጉሬ ሸብቷል፤ ሽበቱን ካበዙብኝ ነገሮች አንዱ ደግሞ በላፕቶፔ ላይ ያለ እንከን ሲሠራ የሰነበተ የስፓርክ (ትልቅ ዳታን ለብዙ ማሽኖች ከፋፍሎ የሚያሰላ ሥርዓት) ፕሮግራም፣ ክላስተር (በአንድነት የሚሠሩ ማሽኖች ስብስብ) ላይ በወጣ በሁለተኛው ደቂቃ «ክላስ ኖት ፋውንድ ኤክሴፕሽን» (የተፈለገው ክላስ፣ ማለትም የኮድ ክፍል፣ አልተገኘም) ብሎ መውደቁ ነው። እናንተም ይህን መልእክት አይታችሁታል፣ ካላያችሁትም መምጣቱ አይቀርምና ከራሴ ስህተት ልጀምር።

ከብዙ ዓመታት በፊት አንድ ድርጅት ውስጥ ስሠራ፣ አንድ ጃር (የጃቫ ኮድ የታሸገበት) ፋይል መጥፋቱን የሚናገር ስህተት በሌሊት ገጠመኝ። ቸኩዬ ስለነበር ፋይሉን በክላስተሩ ወዳሉት ማሽኖች ሁሉ በእጄ ገለበጥሁና የተቀመጠበትን አድራሻ በኤክሴኪዩተሮቹ (ሥራውን በየማሽኑ በሚሠሩት ፕሮሰሶች) የክላስፓዝ ቅንብር፣ ማለትም ኮድ የሚፈለግባቸው ቦታዎች ዝርዝር ውስጥ ጻፍሁ። ሥራው ተጠናቀቀ፣ እኔም ተኛሁ። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ሁለት አዳዲስ ማሽኖች ሲጨመሩ ግን ያው ሥራ አንድ ቀን እያለፈ በማግሥቱ ይወድቅ ጀመር። ስፓርክ አንድ ታስክ (የሥራው ቁራጭ) ሲወድቅበት ወዲያው ተስፋ አይቆርጥም፤ ቅንብሩ ካልተለወጠ በቀር ያው ታስክ 4 ጊዜ እስኪወድቅ ድረስ ይሞክረዋል። ስለዚህ የወደቀው ታስክ በድጋሚ ሲሞከር ከነባሮቹ ማሽኖች በአንዱ ላይ ካረፈ ይሳካል፣ በአዲሶቹ ላይ ደጋግሞ ካረፈ ደግሞ ሥራውን በሙሉ ይዞ ይወድቃል። ይህን እስክረዳ ሦስት ቀን ፈጀብኝ። እኔ የጻፍሁት ቅንብር በማሽኑ ላይ አስቀድሞ ያለን ፋይል ይጠቁማል እንጂ ፋይሉን ለማንም አያደርስም ነበር፤ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ማለት ይህ ነው።

ከዚያ ወዲህ እንዲህ ያለ ስህተት ሲገጥመኝ አስቀድሜ የምጠይቀው የትኛው ላይብረሪ (ዝግጁ የኮድ ስብስብ) እንደጎደለ ሳይሆን የት እንደጎደለ ነው። የስፓርክ ሥራ ቢያንስ ሁለት ቤት አለው፤ አንዱ ዕቅዱን የሚያወጣው ድራይቨር ሲሆን ሌላው ሥራውን የሚሠሩት ኤክሴኪዩተሮች ናቸው። የትልቅ ድግስ ወጥ በየጎረቤቱ ቤት ሲሠራ ባለቤቷ የአሠራሩን ትእዛዝ ብታስተላልፍም፣ በርበሬው በሷ ጓዳ ብቻ ከቀረ የጎረቤቶቿ ድስት ምን ሊሆን ነው? በላፕቶፕ ላይ በሎካል ሞድ ስትሠሩ ሁለቱም በአንድ ፕሮሰስ ውስጥ ስለሚኖሩ ጉድለቱ አይታያችሁም። በክላስተር ላይም ቢሆን ስፓርክ ውጤት እስኪጠየቅ ድረስ ስሌቱን ስለማይጀምር፣ ስህተቱ ከመነሻው መስመር እጅግ ርቆ ብቅ ይላል። ስለዚህ የስህተቱን ዝርዝር እስከ መጨረሻው «ኮዝድ ባይ» (ምክንያቱ) ድረስ አንብቡ፣ ከዚያም የወደቀውን የኤክሴኪዩተር ሎግ (የክንውን መዝገብ) ክፈቱ፤ ሥራው በሂደት ላይ እያለም በድራይቨሩ 4040 ፖርት በሚገኘው የስፓርክ ድረ ገጽ «ኢንቫይሮመንት» የሚለው ክፍል ውስጥ የተጫኑትን ጃሮች ተመልከቱ።

ቦታው ከታወቀ መድኃኒቱ ቀላል ነው። ሥራ ወደ ክላስተር በሚላክበት ትእዛዝ፣ በስፓርክ ሰብሚት፣ «ጃርስ» በሚለው አማራጭ የተሰጠ ፋይል ለድራይቨሩም ለኤክሴኪዩተሮቹም ይደርሳል። «ፓኬጅስ» የሚለው አማራጭ ላይብረሪውን እሱ ከሚፈልጋቸው ሌሎች ላይብረሪዎች ጋር ከሜቨን (በኢንተርኔት ካለ የላይብረሪዎች ማከማቻ) ያመጣል፤ ሆኖም ወደ ውጭ በማይወጣ ዝግ ኔትወርክ ውስጥ ሜቨን የሚደረስበት አይደለምና ሁሉን በአንድ ጃር ጠቅልሎ መላክ ይሻላል። ስትጠቀልሉ የስፓርክን የራሱን ላይብረሪዎች «ፕሮቫይድድ» (ክላስተሩ ላይ አስቀድሞ ያለ) ብላችሁ ከጥቅሉ አስወጧቸው።

ከሁሉ የሚያደናግረው ግን «ኖ ሳች ሜተድ ኤረር» (የተጠራው ሜተድ የለም) ነው፤ ምክንያቱም ላይብረሪው አለ፣ የሌለው የጠበቃችሁት ቨርዥን ነው። ስፓርክ ብዙ ጊዜ አብሮት የሚሠራው ሀዱፕ የተባለው የዳታ ሥርዓት ለዓመታት ይዞት የኖረው ጓቫ 11 የተባለ የጃቫ ላይብረሪ እናንተ ከምትፈልጉት አዲስ ጓቫ ጋር ሲጋጭ የሚታየው ይኸው ነው፤ በዚህ ጊዜ ጃር መጨመር ግርግሩን ያባብሳል እንጂ አይፈታውም፣ የሚፈታው በሼዲንግ የፓኬጁን ስም ለውጦ በራሳችሁ ጃር ውስጥ መሸሸግ ነው። በጃሩ ስም ጭራ ላይ የተጻፈውን የስካላ (ስፓርክ የተጻፈበት ቋንቋ) ቁጥርም አትናቁ፤ በ2020 የወጣው ስፓርክ 3.0 የስካላ 2.11ን ድጋፍ ስላቆመ፣ ለ2.11 የተሠራ ጃር ይዞ ወደዚያ መሻገር መውደቅን መጋበዝ ነው። «ኖ ክላስ ዴፍ ፋውንድ ኤረር» (የክላሱ ፍቺ አልተገኘም) የሚለውም «ክላሱን ማስጀመር አልተቻለም» የሚል ካከለበት ክላሱ አልጠፋም፤ ሲጀመር ወድቋል፣ እውነተኛው ምክንያት ያለውም ከዚያ በፊት በተጻፈው ሎግ ውስጥ ነው።

በፓይዘን ለምትሠሩ ደግሞ፣ በንጹህ ፓይዘን የተጻፈ ሞጁል በዚፕ ተጠቅልሎ ቢሄድ ይበቃዋል። እንደ ነምፓይ (የቁጥር ስሌት ላይብረሪ) ያለ በሲ ቋንቋ የተሠራ አካል ያለው ግን በዚህ መንገድ አይሄድም፤ ፓይዘንን ከነላይብረሪዎቹ የያዘውን ሙሉ ኢንቫይሮመንት ኮንዳ ፓክ በተባለው መሣሪያ ጠቅልላችሁ «አርካይቭስ» በሚለው አማራጭ ላኩት፣ የኤክሴኪዩተሮቹ ፓይዘንም ከድራይቨሩ ጋር አንድ ቨርዥን መሆኑን አረጋግጡ።

እኔ ዛሬ ትልቅ ሥራ ከመላኬ በፊት በሁሉም ኤክሴኪዩተሮች ላይ እንዲዳረስ በብዙ ታስኮች የተከፋፈለ አንዲት ትንሽ ሥራ እልካለሁ፤ እሷም የምጠረጥረው ክላስ ከየትኛው ጃር እንደተጫነ ከማሽኑ ስም ጋር አትማ ትመልስልኛለች። ከአሥር መስመር የማትበልጥ ኮድ ናት፤ በዚያች ሌሊት ኖራኝ ቢሆን ሁለቱን አዳዲስ ማሽኖች በስማቸው ትጠራልኝ ነበር።