የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ የልጄን ድድ ያቀላው የጥርስ ማጣበቂያው ነው?

ጥያቄ፦ ልጄ ስድስት ዓመቱ ነው። ከሦስት ሳምንት በፊት የታችኛው የወተት መንጋጋው ስለተቦረቦረ የጥርስ ሐኪም ዘንድ ወስጄው የብረት ሽፋን፣ ማለትም ክራውን ተደረገለት። ሐኪሙ ማደንዘዣ ሳይወጉና ጥርሱን ሳይቦረቡሩ ሽፋኑን በሲሚንት፣ ማለትም በጥርስ ማጣበቂያ፣ ሞልተው ገጠሙለት። ሕመሙ ጠፍቷል፤ ነገር ግን በሽፋኑ ዙሪያ ያለው ድድ ቀልቷል፣ ጥርሱን ስቦርሽለትም ይደማል። ጎረቤቴ «ሲሚንቱ መርዝ ነው፣ ድድ ይበላል፣ አስወልቂለት» ትለኛለች። እውነት ነው? ላስወልቅለት?
አንዲት እናት፣ ከአዳማ

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ሽፋኑን አያስወልቁት፤ ነገር ግን ልጅዎን በዚህ ሳምንት ወደ ገጠሙለት ሐኪም ይመልሱት። የገለጹልን ሁኔታ ብዙውን ጊዜ የሚመጣው ከማጣበቂያው ዓይነት ሳይሆን ከሽፋኑ ጠርዝ ሥር ከቀረ የማጣበቂያ ቅሪትና በዚያ ላይ ከሚጋገር የባክቴሪያ ንጣፍ ስለሆነ፣ መፍትሔውም ማጽዳት ነው።

ሐኪሙ የተጠቀሙበት አሠራር በስኮትላንዳዊቷ የጥርስ ሐኪም በኖርና ሆል ስም «የሆል ዘዴ» ይባላል። የተበላሸው የጥርስ ክፍል ሳይነካ በማጣበቂያ የተሞላ የብረት ሽፋን ይደፋበታል፤ ጥርሱን ሲበሉ የነበሩት ባክቴሪያዎች ምግብ ተነፍጓቸው ስለሚታሸጉም መበስበሱ ይቆማል ወይም ይዘገያል። የዳንዲ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ያደረጉት ጥናት በ2007 እ.ኤ.አ. ከታተመ ወዲህ ዘዴው በብዙ አገሮች ተስፋፍቷል። ስለዚህ ሐኪሙ ሳይቦረቡሩ መግጠማቸው ቸልተኝነት አይደለም። ይሁን እንጂ ሽፋኑ በሚገባ እንዲታሸግ ማጣበቂያው በብዛት ስለሚሞላ፣ ሽፋኑ ሲጫን ትርፉ በጠርዙ ዙሪያ ወደ ድዱ መፍሰሱ አይቀርም። የድዱ ጤንነት በእጅጉ የተመሠረተው ይህ ትርፍ በጊዜው በመነሣቱ ላይ ነው።

የጎረቤትዎ ስጋት ፈጽሞ መነሻ የለውም አልልም። ከአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት ጀምሮ ሲሠራበት የኖረው ዚንክ ፎስፌት የተባለው ማጣበቂያ ገና ሲቀላቀል ኃይለኛ አሲድነት አለው፤ ከዚያም በላይ በአፍ ውስጥ ባለ እርጥበት ቀስ በቀስ እየሟሟ በጠርዙ ላይ ክፍተት ይተዋል። በ1968 እ.ኤ.አ. ዴኒስ ስሚዝ ያስተዋወቁት ፖሊካርቦክሲሌት ለጥርሱ ነርቭ የለዘበ ሆኖ መጣ። ዛሬ ለልጆች የብረት ሽፋን በብዛት የሚመረጠው ግን በእንግሊዝ አገር አለን ዊልሰንና ብራያን ኬንት የፈለሰፉትና በ1972 እ.ኤ.አ. ያሳወቁት ግላስ አዮኖመር ነው። ይህ ማጣበቂያ ከተፈጨ ልዩ መስታወትና ከአሲድ ፈሳሽ የሚቀላቀል ሲሆን፣ ከጥርሱ ጋር በኬሚካል ይያያዛል፣ ጥቂት ፍሎራይድም ይለቃል። ሬዚን፣ ማለትም ፕላስቲክ መሰል ሙጫ፣ የተጨመረበት ዓይነቱ ደግሞ ጠንከር ያለና በቀላሉ የማይሟሟ ነው፤ ሆኖም በውስጡ ያለው ሄማ የተባለ ንጥረ ነገር በሚገባ ሳይጠነክር ከቀረ ድድን ሊቆጣ፣ አልፎ አልፎም አለርጂ ሊያስነሣ ይችላል። በዓይነቶቹ መካከል ልዩነት አለ ማለት ነው። ነገር ግን በሚገባ ተቀላቅሎ፣ ጠንክሮና ትርፉ ተጠርጎ የተገጠመ ማንኛውም የታወቀ ማጣበቂያ ድድ አይበላም፤ ከሁሉ የተሻለው ማጣበቂያም ቢሆን ከድድ ሥር ሻካራ ቅሪት ሆኖ ከቀረ ድዱን ያስቆጣዋል።

ቅሪቱ እንዴት እንደሚቀር ላስረዳዎ። ግላስ አዮኖመር ከተቀላቀለ ከጥቂት ደቂቃዎች በኋላ እንደ ላስቲክ የሚለጠጥበት ደረጃ ላይ ይደርሳል። ጠንቃቃ ሐኪም ልጁ ጥጥ ነክሶ ሽፋኑን እንደያዘ በዚህች ቅጽበት ትርፉን በቀጭን መሣሪያ ይገፈዋል፤ በሁለት ጥርሶች መካከል ያለውን ደግሞ መሐሉ ላይ ቋጠሮ ያለበት የጥርስ ክር አስገብቶ ወደ ጎን ይስበዋል። ክሩን ወደ ላይ ቢጎትተው ሽፋኑን ሊያነሣው ስለሚችል ነው ወደ ጎን የሚስበው። ሕፃኑ ሲያለቅስ፣ ምራቅ ሲሞላና ሐኪሙ ሲቻኮል ግን ይህ ደረጃ ያልፋል፤ ማጣበቂያው ይደርቅና በተለይ በጥርሶቹ መካከልና ከኋላ በኩል ለዓይን የማይታይ ስባሪ ከድዱ ሥር ይቀራል። በየቀኑ ብትቦርሹትም ብሩሹ እዚያ አይደርስም።

እቤትዎ ጥሩ ብርሃን ይዘው የልጅዎን አፍ ይመልከቱ፤ ቅላቱ ያለበት ቦታ ብዙ ይናገራል። ቅላቱ ከሽፋኑ ጠርዝ ጋር ተያይዞ እንደ ቀጭን መቀነት የዞረ ከሆነ ቅሪት ወይም በብሩሽ ያልተነሣ ንጣፍ እንዳለ ያመለክታል። ከሽፋኑ በስተኋላ ብቻ ድዱ ካበጠ ግን ስድስት ዓመት የመጀመሪያው ቋሚ መንጋጋ የሚወጣበት ዕድሜ ስለሆነ፣ እብጠቱ የአዲሱ ጥርስ ሊሆን ይችላል። ይህንንም ለሐኪሙ ይንገሩ፤ ምክንያቱም ጠርዙ ወደ ኋላ የተረፈ ሽፋን የሚወጣውን ጥርስ አንዳንድ ጊዜ ያግደዋል። በጣም የሚያሳስበኝ ሦስተኛው ነው፦ ከጠርዙ ራቅ ብሎ፣ በጥርሱ ሥር አቅጣጫ፣ ብጉር መሰል እባጭ ከወጣ፣ መግል ከታየ፣ ልጁ ሌሊት በሕመም ከነቃ ወይም ፊቱ ካበጠ፣ ችግሩ የድድ ሳይሆን የጥርሱ ነርቭ መበከል ስለሆነ ቀጠሮ ሳይጠብቁ በዚያው ቀን ያሳክሙት። ትኩሳት ከመጣ ወይም እብጠቱ ወደ ዓይን ወይም ወደ አንገት ከሄደ በቀጥታ ወደ ሆስፒታል ይውሰዱት።

ሽፋኑ በተገጠመበት ቀን ድዱ ነጣ ብሎ መታየቱና ልጁ «ጥርሴ ከፍ ብሏል» ማለቱ የተለመደ ነው፤ ንክሻው ብዙውን ጊዜ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ይስተካከላል። በሦስተኛው ሳምንት አሁንም የሚደማ ድድ ግን በራሱ ይድናል ብሎ የሚተው አይደለም።

ሐኪሙ ጋር ሲሄዱ «ከሽፋኑ ጠርዝ ሥር ማጣበቂያ ቀርቶ እንደሆነ በክርና በመሣሪያ ይዩልኝ፣ ጠርዙም በልክ መቀመጡን ይመልከቱልኝ» ብለው በግልጽ ይጠይቁ። ይህ የእናት መብት እንጂ ድፍረት አይደለም። ከጸዳ በኋላ ለስላሳ ብሩሽ ወደ ድዱ ጋደል አድርገው፣ ጠርዙና ድዱ በሚገናኙበት መስመር ላይ ጠዋትና ማታ በእርጋታ ይቦርሹለት፤ ስለሚደማ ብለው አይተዉት፣ የሚደማው በቂ ስላልጸዳ ነውና። የጥርስ ሳሙናው የአተር ፍሬ ያህል ይበቃል። መፋቂያ ለለመደ ቤተሰብ መልካም ልማድ ነው፤ ሆኖም ለስድስት ዓመት ልጅ የኋላ መንጋጋ ጠርዝ ላይ ለመድረስ ስለሚያስቸግር ብሩሹን እንዲተካ አልመክርም። ይህ ሁሉ ተደርጎ በሁለት ሳምንት ውስጥ ድዱ ካልተሻለው፣ አልፎ አልፎ የሚያጋጥመው የኒኬል አለርጂ ይታሰባል፤ የብረት ሽፋኖቹ ኒኬል አለባቸውና። ልጅዎ ወይም ወንድሞቹና እህቶቹ በርካሽ የጆሮ ጌጥ፣ በሰዓት ማሰሪያ ወይም በቀበቶ ብረት ምክንያት ቆዳቸው ተቆጥቶ ያውቅ እንደሆነ ለሐኪሙ መንገር ብዙ ያግዛል።

ጥያቄ፦ የአራት ዓመት ልጄ አራቱ የላይ የፊት ጥርሶቿ ተበልተው በሙሉ ማደንዘዣ ነጭ የዚርኮኒያ ሽፋን ተደረገላቸው። ሦስቱ ደኅና ናቸው፤ የአንደኛው ድድ ግን ጠቁሮ አብጧል። እዚህ ያለው ሐኪም «ጊዜ ስጡት» ይለናል። ማጣበቂያው ይሆን?
አባት፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ

መልስ፦ ውድ አባት፣ የዚርኮኒያ፣ ማለትም ከጠንካራ ነጭ ሴራሚክ የተሠራ፣ ሽፋን ከብረቱ የሚለይበትን አንድ ነገር ማወቅ ይጠቅምዎታል። የብረቱ ጠርዝ በፒንሳ ተጎንብሶ ጥርሱን እንዲጨብጥ ይደረጋል፤ ዚርኮኒያ ግን አይታጠፍም፣ ስለዚህ ሐኪሙ ጥርሱን ይበልጥ ሞርዶ ሽፋኑን በልኩ ያስቀምጣል፤ ጥርሱ ላይ የሚያቆየውም በዋናነት ማጣበቂያው ነው። ጠርዙ ከድድ ሥር ስለሚገባ በሚሞረድበት ጊዜ ድዱ ይቆስላል፣ ይደማል። ደሙ ሳይቆም ማጣበቂያው ከተደረገ ደግሞ ከደም ጋር ተቀላቅሎ ይዳከማል፣ በጠርዙ ላይም ክፍተት ይፈጥራል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት የድዱ መጥቆር ከዚሁ ቁስለት የመጣ ሊሆን ይችላል፤ በዚህ ጊዜ ትዕግሥት ተገቢ ነው።

ይሁን እንጂ በደንብ የተወለወለ ዚርኮኒያ ንጣፍ በቀላሉ ስለማይይዝ፣ ቁስሉ ሲድን ድዱ አብዛኛውን ጊዜ ጤናማ ይሆናል። በእርስዎ ልጅ ሦስቱ ድነው አንዱ ብቻ መቅረቱ ራሱ ምልክት ነው፤ ያው ልጅ፣ ያው ማጣበቂያ፣ ያው አፍ ሆኖ አንድ ቦታ ብቻ ሲታመም የማጣበቂያው ባሕርይ ሳይሆን በዚያ ቦታ የሆነ ነገር ነው የሚጠረጠረው። ከሁለት ሳምንት በላይ ከሆነው በግሌ «ጊዜ ስጡት» የሚለውን መልስ አልቀበለውም። ቅሪት መኖሩ እንዲታይና የጥርሱን ሥር ሁኔታ ለማወቅ ራጅ እንዲነሣ ይጠይቁ። በተለይ ከሬዚን የተሠሩ ማጣበቂያዎች አንዴ ከደረቁ ለማንሣት አስቸጋሪ ስለሆኑ፣ የትኛው ማጣበቂያ እንደተደረገላት በልጅዎ የሕክምና መዝገብ ላይ ተጽፎ እንዲሰጥዎ ያድርጉ።

ጥያቄ፦ እኛ አካባቢ ውኃው ፍሎራይድ ስለሚበዛበት የብዙ ልጆች ጥርስ ቡናማ ነው። ለልጄ የሚደረገው ማጣበቂያ ፍሎራይድ እንደሚለቅ ሰማሁ። አይጎዳውም?
ከመተሐራ

መልስ፦ አይጎዳውም። ግላስ አዮኖመር ፍሎራይድ በይበልጥ የሚለቀው በመጀመሪያዎቹ አንድና ሁለት ቀናት ሲሆን፣ ከዚያ በኋላ መጠኑ በፍጥነት ይቀንሳል፤ ከሽፋኑ ሥር ታሽጎ ለአፍ የሚጋለጠውም በጠርዙ ላይ ያለችው ቀጭን መስመር ብቻ ናት። የልጆቻችሁን ጥርስ የሚያቀልመው በየቀኑ ለዓመታት የሚጠጣው ውኃ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውኃ ያስቀመጠው ወሰን በሊትር 1.5 ሚሊግራም ሲሆን፣ በስምጥ ሸለቆ ብዙ ጉድጓዶች ከዚህ በእጅጉ ያልፋሉ። ስለዚህ ማጣበቂያውን ሳይፈሩ ልጅዎን ያሳክሙ፤ ቋሚ ጥርሶቹ እስኪሠሩ ድረስ፣ ማለትም እስከ ስምንት ዓመቱ ገደማ፣ የሚጠጣበትንና ምግቡ የሚበስልበትን ውኃ ፍሎራይዱ ዝቅተኛ መሆኑ ከተመረመረ ምንጭ ወይም ከተጠራቀመ የዝናብ ውኃ ለማግኘት ይጣሩ። ውኃ ማፍላት ፍሎራይድን እንደማያስወግድ፣ እንዲያውም ውኃው እየተነነ ሲሄድ የቀረውን ይበልጥ እንደሚያከማቸው ያስተውሉ።