ላስቲኩ ሳይፈታ የተመለሰው ጥናት

ባለፈው ሳምንት እኛ ቢሮ በኮንትራት የምትሠራ አንዲት ወጣት መሐንዲስ ቡና ላይ ያዘችኝ። «ጋሼ፣ ህንድ ማስተርስ የምማርበት ስኮላርሺፕ አግኝቻለሁ። ግን ሁሉም ‹የህንድ ዲግሪ ማን ይቀበልሻል› ይለኛል። ልሂድ ወይስ የአውሮፓውን ልጠብቅ?» አለችኝ። «እስቲ ላስብበት» ብዬ ሸሸኋት። ጥያቄው ከብዶኝ አይደለም፤ ከሃያ አምስት ዓመት በላይ የሸሸሁትን አንድ ቀን ስለቀሰቀሰብኝ ነው።

1991 ዓ.ም. ነው። ያን ጊዜ የነበርኩበት መሥሪያ ቤት አንድ ሃይድሮሎጂስት (የውሃ ሀብት አጥኚ) ሊቀጥር አምስት ሆነን ለቃለ መጠይቅ ተቀምጠናል። ከአመልካቾቹ አንዱ የመመረቂያ ጥናቱን ይዞ መጣ። ጠንካራ ቡናማ ሽፋን፣ ጀርባው ላይ በወርቃማ ፊደል የተጻፈ ርዕስ። ውስጡ ታጥፈው የገቡ ካርታዎች ስላሉት እንዳይወድቁ ነው መሰለኝ፣ ብር የሚታሰርበት ዓይነት ቢጫ ላስቲክ ሁለት ዙር አዙሮበታል። የጠየቅነውን ሁሉ ደህና አድርጎ መለሰ። እንደወጣ ሰብሳቢያችን ፋይሉን ገለጥ አደረገና «ይሄ የህንድ ነው» ብሎ ወደ ጎን ገፋው። በቃ። ሌላ ነገር አልተባለም።

ልጁ የተማረበትን ቦታ ከኔ የበለጠ የሚያውቅ በዚያ ጠረጴዛ ዙሪያ አልነበረም። ሩርኪ ዩኒቨርሲቲ፣ ሃይድሮሎጂ ክፍል። እኔም ከእሱ አራት ዓመት ቀድሜ እዚያው ክፍል ነው የተማርኩት። ነገር ግን በ1989 ሆላንድ፣ ደልፍት ሄጄ የሦስት ወር ኮርስ ወስጄ ነበርና ከዚያ ወዲህ «የት ነው የተማርከው?» ስባል «ደልፍት» እል ነበር። አፌን ብከፍት «ለካ አንተም የህንድ ነህ» እባላለሁ ብዬ ፈራሁ። ዝም አልኩ።

ጥናቱን ልመልስለት ኮሪደር ወጣሁ። «አያችሁት ጋሼ?» አለኝ። «አዎ፣ ግሩም ሥራ ነው» አልኩት። ጥራዙን አየው። እኔም አየሁት። ቢጫው ላስቲክ ሁለት ዙር እንደዞረ ነው። ቀና ብሎ አላየኝም፤ «እግዜር ይስጥልኝ» ብሎ ደረጃውን ወረደ።

የተቀጠረው ሌላው ልጅ ጎበዝ ሆኖ ተገኘ፤ ይህን ሳልናገር ባልፍ ወሬዬን ማሳመር ይሆንብኛል። መሥሪያ ቤቱ አልተጎዳም።

ንቀቱ ከየት እንደመጣ ሳስብ ሁለተኛ ደረጃ ሒሳብ ያስተማሩን የኬረላ (የህንድ ክፍለ ሀገር) ሰው ትዝ ይሉኛል። ከኔ ዘመን ተማሪ ብዙው ሒሳብና ፊዚክስ የቆጠረው በህንድ መምህራን ነው። እኛ ግን ጭንቅላታቸውን ሲወዘውዙ «አዎ ነው አይ?» እያልን መሳቅ ነበር ሥራችን። ያስተማሩንን ይዘን፣ ሳቁንም ይዘን አደግን።

ሩርኪ የጋንጀስን ውሃ ለመስኖ የሚወስደው ትልቅ ቦይ ሰንጥቋት የሚያልፍ ከተማ ናት። ኮሌጁ እ.ኤ.አ. በ1847 የተከፈተውም ለዚያ ቦይ ሥራ መሐንዲስ ለማፍራት ነው። ቦዩ ሶላኒ የሚባለውን ወንዝ በድልድይ ላይ ይሻገራል፤ ውሃ ከውሃ በላይ ይሄዳል። ዳርና ዳሩ ላይ የድንጋይ አንበሶች ተቀምጠዋል። የአዲስ አበባ ልጅ አንበሳ አይቶ ዝም አይልምና «የኛዎቹ እዚህ ምን ይሠራሉ?» እያልን እንቀልድ ነበር። በጥር ጉሙ ሲወርድ አንበሶቹም አይታዩም። እንዲህ ባለ ማለዳ ነው የቦዩን ፍሰት እንድለካ የታዘዝኩት። የውሃውን ፍጥነት የሚለካውን ከረንት ሜትር በገመድ እያወረድኩ የፕሮፔለሩን ዙር ስቆጥር ጣቶቼ ደነዘዙ። አንዱን ነጥብ ዘለልኩት፤ ግራና ቀኙን አይቼ መሃሉን ገመትኩና ጻፍኩ። ፕሮፌሰሩ ደብተሬን አገላብጠው «ይቺ ቁጥር በጣም ታምራለች» አሉ። ሻርባቸውን ጠምጥመው ወደ ቦዩ መለሱኝ። አብረን ለካን። ከጻፍኩት ራቅ ብሎ ተገኘ። አንድ ቃል አልተናገሩኝም። ደልፍት መሣሪያው የትየለሌ ነበር፤ ከኋላዬ ብርድ ውስጥ የወጣ መምህር ግን አልገጠመኝም።

እ.ኤ.አ. በ2001 ሩርኪ ከአይ.አይ.ቲዎቹ፣ ከህንድ ስመ ጥር የቴክኖሎጂ ተቋማት፣ አንዱ ሆነ። ቦዩ ያው፣ መምህራኑ እነዚያው። ከጥቂት ዓመት በኋላ ያ ሰብሳቢ «አይ.አይ.ቲ ነው እንዴ የተማርከው? ታድለህ!» አለኝ። አመሰገንኩት እንጂ የዚያን ልጅ ነገር አላነሳሁበትም።

ይሄን ሁሉ ብዬ «ህንድ ከሆነ የትም ሂዱ» ልል አይደለም። እዚያ ከ1,000 በላይ ዩኒቨርሲቲና ከ40,000 በላይ ኮሌጅ አለ። አብዛኛው ኮሌጅ በራሱ ዲግሪ አይሰጥም፤ ፈተናውን የሚያወጣውም ወረቀቱን የሚሰጠውም የታቀፈበት ዩኒቨርሲቲ ነው። ይህንን እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ1857 ካልካታ፣ ቦምቤይና ማድራስ ላይ የለንደንን አሠራር ገልብጠው የተከሉት ነው። ስለዚህ ዲግሪያችሁ ላይ ትልቅ ስም ተጽፎ፣ የተማራችሁት ግን ላቦራቶሪው የተቆለፈበት ኮሌጅ ሊሆን ይችላል። የአገሪቱ የዩኒቨርሲቲዎች ኮሚሽን ራሱ የሐሰተኛ ዩኒቨርሲቲዎችን ዝርዝር ያወጣል። እናንተ ግን የኤጀንት ቪዲዮ በቲክቶክ አይታችሁ ብር ታስገባላችሁ፤ በኛ ጊዜ ቢያንስ ደብዳቤ ጽፈን መልስ እንጠብቅ ነበር።

ደግሞ ደረጃ በስልክ ታዩና ትፈርዳላችሁ። የዩኒቨርሲቲዎችን ደረጃ በሚያወጣው ኪው.ኤስ የ2026 (እ.ኤ.አ.) ዝርዝር ከህንድ አንደኛ የወጣው አይ.አይ.ቲ ዴልሂ ነው፤ በዓለም 123ኛ። ዝርዝሩ የውጭ አገር መምህርና ተማሪ ብዛትም ይቆጥራል፤ አይ.አይ.ቲዎቹ ዘንድ ደግሞ ያ ጥቂት ነው። በራቸው ላይ ግን በየዓመቱ ከሚሊዮን በላይ የገዛ አገራቸው ልጅ ለፈተና ይሰለፋል። እ.ኤ.አ. በ2020 ሩርኪን ጨምሮ ሰባት አይ.አይ.ቲዎች «አቆጣጠራችሁ ግልጽ አይደለም» ብለው ከሌላው ትልቅ ደረጃ አውጪ፣ ከታይምስ፣ ወጥተው ነበር። በሌላ በኩል የማይክሮሶፍት ኩባንያን የመራው ሳትያ ናዴላ የመጀመሪያ ዲግሪውን የያዘው ከአይ.አይ.ቲ ሳይሆን ማኒፓል ከሚባለው ሌላ የህንድ ተቋም ነው።

ስም ዋጋ የለውም ማለቴ ነው? የራሴን ልጅ ካናዳ ነው የላክሁት። ህንድ ይሻላል ብላ ብትሞግተኝ ኖሮ ምን እንደምላት እንጃ።

ለማንኛውም አንቺ ስኮላርሺፕ ያገኘሽው ልጄ፣ ሰኞ ቡና ላይ ነኝ። የተላከልሽን ደብዳቤ ይዘሽ ነይ፤ ከላይ ካለው ማኅተም ይልቅ የምትቀመጪበት ክፍል የት ከተማ እንደሆነና አማካሪሽ ማን እንደሆኑ ነው የማየው። የመመረቂያ ጥናትሽንም አምጪው። ማታ ቤቴ ወስጄ አነበዋለሁ።