የኢንሱሊኑ ብልቃጥ ለምን አልጎደለም?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ሲስተር። የምጽፍልዎ ከደብረ ማርቆስ ነው። ባለቤቴ 54 ዓመቱ ነው፤ ልብስ ሰፊ ነው። ስኳር ከያዘው 11 ዓመት ሆነው፤ ካለፉት 3 ዓመታት ወዲህ ጠዋት 20፣ ማታ 10 ዩኒት ኢንሱሊን ይወጋል። እስከ አምና ድረስ ሕመሙን የረሳው ይመስል ነበር። በጥቅምት አንድ የሙሽራ ቀሚስ ሲሰፋ ጥለቱ ተጣመመበትና ደንበኛዋ ሰው ፊት ወርውራ መለሰችበት። ከዚያ ወዲህ ቀስ በቀስ ሌላ ሰው ሆነ። ሱቁን ከዘጋ ሁለት ወር አለፈው። እድር ቀርቷል። ሌሊት አይተኛም፣ ቀን ከአልጋ አይነሳም። «እግሬን ያቃጥለኛል» ይላል። ባለፈው ቀጠሮ ምግብ ሳይቀምስ የተለካው ስኳር 312 ሆነ። ሐኪሙ ተቆጣውና ኢንሱሊኑን ጨመረለት። ቤት ስንገባ «ምን ዋጋ አለው?» አለኝ። ወንድሙ «ሰንፎ ነው» ይላል፤ ጎረቤቶች ጸበል ውሰጂው ይሉኛል፤ እኔ ደግሞ እጮህበታለሁ። ባለፈው ሳምንት ያየሁት ግን አስደነገጠኝ፤ የኢንሱሊኑ ብልቃጥ ወር ሙሉ አልጎደለም። ስኳሩ ነው መንፈሱን የጎዳው ወይስ ሐሳቡ ነው ስኳሩን ያስነሳው? ጥፋቱስ የእኔ ይሆን?
ስሜ ይቆይልኝ

መልስ፦ እህቴ፣ ደብዳቤዎን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ከ312ቱ ይልቅ ልቤን የያዘው ስለ ቀሚሱ የጻፉት ነው። ወደ እሱ እመለሳለሁ። አስቀድሜ ግን ሳይውል ሳያድር መደረግ ያለባቸውን ሁለት ነገሮች ልንገርዎ።

የመጀመሪያው «ምን ዋጋ አለው?» የሚለው ቃል ነው። ይህን እንደ ዋዛ አይለፉት። ሰው በሌለበት፣ በረጋ ድምፅ በቀጥታ ይጠይቋቸው፦ «መኖር ያስጠላህ ጊዜ አለ? ራስህን ለመጉዳት አስበህ ታውቃለህ?» ብለው። ብዙ ሰው እንዲህ ብሎ መጠየቅ ያላሰቡትን ማሳሰብ ይመስለዋል። አይደለም፤ ብቻውን ሲብሰለሰል ለቆየ ሰው ጥያቄው እፎይታ ነው። መልሳቸው «አዎ» ከሆነ ብቻቸውን አይተዉአቸው፤ ኢንሱሊኑንና ሌላውን መድኃኒት ሁሉ እርስዎ ጋ ያድርጉት፤ ቀጠሮ ሳይጠብቁም በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ይውሰዷቸው።

ሁለተኛው የብልቃጡ ጉዳይ ነው። ሐኪሙ ኢንሱሊኑን የጨመሩት ባለቤትዎ 30ውን ዩኒት በየቀኑ እየወሰዱ ስኳሩ አልወርድ ያለ መስሏቸው ነው። እውነቱ ግን ጭራሽ አለመውሰዳቸው ነው። ዛሬ እርስዎ በጩኸትም ሆነ በልመና አሳምነዋቸው የተጨመረውን መጠን በአንድ ጊዜ ቢጀምሩ፣ በዚያ ላይ የምግብ ፍላጎታቸው የጠፋ ከሆነ፣ ስኳራቸው ከ70 በታች ሊወርድና ራሳቸውን ሊያስት ይችላል። ስለዚህ ነገ ጠዋት ወደ ክትትሉ ክፍል ሄደው «መርፌውን ለአንድ ወር አልወሰደም» ብለው እቅጩን ይንገሩ፤ መጠኑን እነሱ ያስተካክሉት። እስከዚያው ቢያስመልሳቸው፣ ሆዳቸውን ቢቆርጣቸው፣ ትንፋሻቸው ቢፈጥን ወይም ቢደነዝዙ ግን ሌሊትም ቢሆን ወደ ሕክምና ይሂዱ፤ ኢንሱሊን ያጣ ሰውነት የሚያሳያቸው የአደጋ ምልክቶች ናቸው።

ስለ ቁጣው አንድ ነገር ልናገር። ከብዙ ዓመት በፊት፣ በስኳር ክትትል ክፍል ገና አዲስ ሳለሁ የምከታተላቸው አንዲት እናት ነበሩ። በእኛ መሣሪያ ሲለኩ ሁልጊዜ ከ300 በላይ ነው፤ የቤት ደብተራቸው ላይ ግን 120፣ 130 ተብሎ ተጽፏል። አንድ ቀን ወረፋ የሚጠብቀው ሰው ሁሉ እየሰማ «እማማ፣ ለምን ይዋሹኛል?» አልኳቸው። ቀና ብለው አዩኝ፤ ምንም አልተናገሩም። ደብተራቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠቅልለው ወጡ። ስምንት ወር ሙሉ አልመጡም። ሲመለሱ እግራቸው ቆስሎ ነበር፤ ሁለት ጣታቸው ተቆረጠ። ወንድ ልጃቸው ከሞተባቸው ጀምሮ መርፌውን መተዋቸውን የሰማሁት ያን ጊዜ፣ ከሴት ልጃቸው ነው። በእነዚያ ቀጠሮዎች ሁሉ እኔ የጠየቅኳቸው ስለ ቁጥር ብቻ ነበር። ከዚያ ወዲህ የማንንም ደብተር ከመግለጤ በፊት «እንቅልፍ እንዴት ነው? ቀኑን በምን ያሳልፉታል?» እላለሁ። የተቆጡት በሽተኛ የሚማረው መደበቅን ነው፤ የተደበቀ ነገር ደግሞ እንደ ባለቤትዎ ያለ የማይገባ የመድኃኒት ጭማሪ ያስከትላል።

አሁን ወደ ጥያቄዎ። «በድንጋጤ የመጣ ስኳር» ሲባል ሁላችንም እየሰማን አድገናል። ድንጋጤ ብቻውን የስኳር በሽታን አይፈጥርም፤ ያለውን ግን ያስነሳል። ሰው ሲጨነቅ ሰውነቱ አድሬናሊንና ኮርቲሶል የሚባሉ ሆርሞኖችን ያመነጫል፤ እነሱም ጉበት ያጠራቀመውን ስኳር ወደ ደም እንዲለቅ ያደርጋሉ፤ ኮርቲሶል ደግሞ ኢንሱሊን ሥራውን በደንብ እንዳይሠራ ያግደዋል። አውሬ ለሚያባርረው ሰው ይህ የመሮጫ ጉልበት ነው። ጣራ እያየ ለሚያድር ሰው ግን በደሙ ውስጥ የሚከማች ስኳር ብቻ ነው። በሌላ በኩል ስኳሩ ሲወጣ ሌሊት ደጋግሞ ለሽንት ያስነሳል፤ እንቅልፍ የተነፈገ ሰው ቀን ይዝላል፣ ይነጫነጫል፣ ሆድ ይብሰዋል። ለረጅም ጊዜ ከፍ ብሎ የቆየ ስኳር የእግርን ነርቭ ይጎዳል፤ ማቃጠሉም ብዙውን ጊዜ የሚብሰው ማታ ነው። ስለዚህ አንዱ ሌላውን እየገፋ ነው የሚሄዱት። ስኳር ያለበት ሰው በድባቴ የመያዝ ዕድሉ ከሌላው ሰው ከ2 እስከ 3 እጥፍ ይደርሳል፤ በድባቴ የቆየ ሰውም ለሁለተኛው ዓይነት ስኳር ይበልጥ ይጋለጣል። የትኛው እንደቀደመ መርምሮ መድረስ ለባለቤትዎ አይጠቅማቸውም። ሁለቱም አሁን አሉ፤ ሁለቱም አብረው መታከም አለባቸው።

የጻፉልኝ ነገር ድባቴ ይመስላል ብዬ የማስበው ለዚህ ነው፦ የሚወዱትን ሥራ ማቆማቸው፣ ከሰው መራቃቸው፣ እንቅልፋቸው መዛባቱ፣ ተስፋ መቁረጣቸው፣ ይህ ሁሉ ደግሞ ከሁለት ሳምንት አልፎ ወራት መቁጠሩ። ድባቴ ሕመም ነው። የተውት መርፌም ከሕመሙ ምልክቶች አንዱ ነው፤ ለነገ የማይጓጓ ሰው ነገ ለሚመጣ የኩላሊት ችግር ተጨንቆ ዛሬ ሆዱን አይወጋም። ወንድማቸው «ሰነፈ» ከሚሉ አንድ ቀን መጥተው አጠገባቸው ቢቀመጡ ይሻላል።

ቀሚሱ ጋ ደረስን። እህቴ፣ ሰላሳ ዓመት ይሁን ከዚያ በላይ መርፌና ክር የያዘ እጅ በአንድ ቀን ጥለት አያጣምምም። እኔ የምጠረጥረው ዓይናቸውን ነው። ምናልባት ክር በመርፌ ቀዳዳ ማስገባት ካቃታቸው ቆይቶ ይሆናል፤ ለማንም አልተናገሩም እንጂ። ምናልባትም እግራቸው ደንዝዞ የስፌት መኪናውን መርገጫ እንደ ድሮው አይሰማቸው ይሆናል። ልብስ ሰፊ ዓይኑና እግሩ ሲከዱት የሚያጣው ገንዘብ ብቻ አይደለም፤ «እገሌ ልብስ ሰፊው» የተባለበትን ስሙን ነው። ሱቁን የዘጉት ስለዚህ ይመስለኛል። ቀስ ብለው «መርፌው ይታይሃል?» ብለው ይጠይቋቸው።

ስኳር ያለበት ሰው ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ የዓይን ውስጠኛ ክፍል በሐኪም መታየት አለበት። በስኳር የተጎዳ የዓይን መጋረጃ በጊዜ ከተደረሰበት በሌዘር ወይም በመርፌ ሊታከም ይችላል፤ ሞራ ከሆነም በቀዶ ሕክምና ይነሳል። በ54 ዓመት ደግሞ የቅርብ መነጽር ብቻ የሚፈታው ችግርም ሊሆን ይችላል። ግን ስኳሩ 300 ላይ እያለ መነጽር አያሠሩ! ስኳር ሲወጣና ሲወርድ የዓይን ሌንስ ቅርጹ ስለሚለዋወጥ ዛሬ የተለካ መነጽር ከወር በኋላ ላይሆን ይችላል። ስኳሩ ረግቶ ጥቂት ሳምንታት ይለፉ።

በቀጠሮው ቀን እርስዎም አብረው ይግቡ። «ስኳሩ ብቻ ሳይሆን መንፈሱም ታሟል፤ የአእምሮ ጤና ባለሙያ ይየው» ይበሉ። ብዙ ሆስፒታሎች ውስጥ የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለ፤ በአንዳንድ ጤና ጣቢያዎችም ድባቴን ለይተው ማከም የሠለጠኑ ነርሶችና ጤና መኮንኖች አሉ። ለአእምሮ ሕክምና የግድ አዲስ አበባ አማኑኤል ድረስ መሄድ ያስፈልጋል የሚለው አስተሳሰብ ብዙ ሰው ከደጁ ያለውን ሕክምና እንዳያገኝ አድርጎታል። ድባቴ የሚመስሉ ሌሎች ነገሮችም ስላሉ የደም ማነስና የእንቅርት ሆርሞን ምርመራ ይጠይቁ። ሜትፎርሚን የሚባለውን ኪኒን ለዓመታት ወስደው ከሆነ ቫይታሚን ቢ12ም ይታይላቸው፤ ኪኒኑ ይህን ቫይታሚን ሊያሳንስ ይችላል፣ እጥረቱም እግር ያደነዝዛል፣ ሰውን ያደክማል፣ ስሜትንም ያወርዳል። የ3 ወሩን አማካይ ስኳር የሚያሳየው ምርመራም ይሠራ፤ የአንድ ጠዋት 312 ብቻውን ሙሉውን ታሪክ አይናገርም።

የድባቴ ሕክምና ከባለሙያ ጋር መነጋገር፣ መድኃኒት፣ ወይም ሁለቱም ነው። መድኃኒቱ እንደ ራስ ምታት ኪኒን በሰዓት ውስጥ አይሠራም፤ ለውጡ የሚታየው ከ2 እስከ 4 ሳምንት ቆይቶ ነው፤ አንዳንዴም ከዚያ ይዘገያል። «አልሠራልኝም» ብለው በሳምንቱ እንዳይጥሉት፤ ሲሻላቸውም ሐኪም ሳያማክሩ በድንገት እንዳያቆሙት። ሱስ ያስይዛል ብለው አይፍሩ። አሚትሪፕቲሊን የሚባለው መድኃኒት ለነርቭ ማቃጠልም ለድባቴም የሚሰጥ ነው፤ ለእሳቸው ይስማማ እንደሆነ ሐኪሙ የልባቸውን ሁኔታ አይቶ ይወስናል። አንዳንድ የድባቴ መድኃኒቶች ስኳርን ስለሚለውጡ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ቶሎ ቶሎ ይለኩ። ድንገት ቢያልባቸው፣ ቢንቀጠቀጡና ልባቸው ቢመታ «ጭንቀቱ ተነሳበት» ከማለትዎ በፊት ስኳራቸውን ይለኩ። የወረደ ስኳርና ጭንቀት መልካቸው አንድ ነው፤ መለኪያ ከሌለ ስኳር በውኃ በጥብጠው ይስጧቸው።

ጸበሉን በተመለከተ ለጎረቤቶችዎ ክፉ መልስ አይስጡ። ባለቤትዎ ከፈለጉ ይሂዱ፤ ከሰው ጋር መዋልና መጸለይ ለተከፋ ልብ ብርታት ነው። ኢንሱሊኑ ግን አብሯቸው ይሂድ፤ ባዶ ሆዳቸውን እስከ ቀትር አይቆዩ። የደነዘዘ እግር ባዶውን ኮረት ቢረግጥ ሕመሙ አይሰማም፤ ማታ ማታ ውስጥ እግራቸውን በባትሪ ያዩላቸው። ጾም መግደፍ የሚከብዳቸው ከሆነም ከንስሐ አባታቸው ጋር ይነጋገሩበት። «ጾሜን እየበላሁ» እያሉ በጸጸት የሚያልቁ ብዙ ሕሙማን አይቻለሁ፤ አባቶች ለታመመ ሰው የሚያዝዙትን ከራሳቸው አፍ ሲሰሙ ሸክሙ ይቀልላቸዋል።

ጠዋት ጠዋት ባለቤትዎ መርፌውን ሲወስዱ አብረዋቸው ይሁኑ፤ እንደ ጠባቂ ሳይሆን ቁርስ እንደሚያቀርብ ሰው። ከዚያ ሱቁ ድረስ አብረው ይሂዱና በሩን ይክፈቱት። የመጀመሪያው ሳምንት ሥራ አይኑረው፤ አቧራውን ማራገፍ፣ መኪናውን ዘይት መቀባት ይበቃል። ቀጥሎ የቤታችሁን መጋረጃ ጠርዝ ይስፉ፤ የሰው ልብስ ገና ነው።

ጥፋቱ የእርስዎ እንደሆነ ጠይቀውኛል። አይደለም። ጩኸትዎ የፍርሃት ጩኸት ነው፤ ባለቤትዎም ይህን የሚያውቁት ይመስለኛል፤ ግን እርስዎ ራስዎ ይንገሯቸው፤ «የምጮኸው እንዳላጣህ ፈርቼ ነው» ብለው። እሳቸው ካልተኙ እርስዎም አልተኙም ማለት ነው፤ ስለ ራስዎ ግን በደብዳቤዎ አንድ ቃል አልጻፉም። ስለዚህ ነገ ክትትሉ ክፍል ሲሄዱ የእርስዎንም የደም ግፊትና ስኳር ያስለኩ።