የድሮ አማርኛ ፋይል በዊንዶውስ 11፦ ፎንቱን እንዳትነኪው

ሰላም እህቴ። «አዲሱ ላፕቶፔ ዊንዶውስ 11 ነው፤ የድሮው የአማርኛ መጻፊያዬ አልጫን አለኝ፤ ፋይሎቼም የላቲን ፊደልና ምልክት ተደባልቆባቸው ይከፈታሉ» ብለሻል። ይሄ ነገር እኔንም አንገብግቦኛል።

ከፋይሎቹ ልጀምር፤ የሚያስቸኩለው እሱ ነው። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ (ለየቋንቋው ፊደል የራሱን ኮድ የሚሰጠው ዓለም አቀፍ ሥርዓት ማለት ነው) የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። የድሮዎቹ መጻፊያዎች በላቲን ፊደሎች ቦታ ላይ የአማርኛ መልክ የሚያለብስ ፎንት ነበር የሚጠቀሙት። ኮምፒውተሩ የሚያስቀምጠው የላቲኑን ኮድ ነው። ፎንቱ ከሌለ ጭምብሉ ይወልቃል።

የራሴን ጥፋት ልንገርሽ። የእድራችንን መተዳደሪያ ደንብ በ1996 ዓ.ም. በእንዲህ ዓይነት መጻፊያ ጽፌው ነበር። አዲስ ኮምፒውተር ላይ ስከፍተው ተዘበራረቀብኝ። ሁሉንም መርጬ ፎንቱን ኒያላ፣ ማለትም የዊንዶውስን የዩኒኮድ አማርኛ ፎንት፣ አደረግኩት። አልተስተካከለም። ይባስ ብሎ ሴቭ አድርጌ ዘጋሁት። ለካ የቱ አማርኛ፣ የቱ እንግሊዝኛ እንደሆነ የሚናገረው የፎንቱ ስም ብቻ ኖሯል! ሌላም ጣጣ አለው። 33ቱ ፊደላት በሰባት ሲባዙ 231 ናቸው። ዲቃሎቹ፣ ቁጥሮቹና ነጥቦቹ ሲጨመሩ የድሮ ፎንት 256 ቦታ አይበቃቸውም። ስለዚህ አንዳንድ መጻፊያዎች ፊደሉን ለሁለት ፎንት አካፍለውታል። የፎንቱ ስም ከጠፋ አንዱ ኮድ የየትኛው ፊደል እንደሆነ አይለይም። ሦስት ቀን ሙሉ ከወረቀት እያየሁ መልሼ ተየብኩት። ወረቀቱ የእድሩ ጸሐፊ ሣጥን ውስጥ ባይገኝ ኖሮ ጉድ ፈልቶብኝ ነበር።

አንቺ መጀመሪያ ፋይሎቹን ፍላሽ ላይ ኮፒ አድርጊ። ቀጥሎ ከአሮጌው ኮምፒውተር ፎንቶቹን ብቻ አውጥተሽ አዲሱ ላይ ጫኚ፤ በቀኝ ክሊክ ኢንስቶል ማለት ነው። ፕሮግራሙ ባይሠራም ፎንቱ ብዙውን ጊዜ ይሠራል። ጽሑፉ ሲነበብልሽ በፒዲኤፍ አስቀሪው። ወደ ዩኒኮድ መቀየሪያ የምታስገቢው ከዚያ በኋላ ነው፤ እሱም የሚመራው በፎንቱ ስም ነው።

ፕሮግራሙን በተመለከተ፣ ያኔ የነበሩ ብዙ ሶፍትዌሮች መጫኛቸው 16 ቢት፣ ማለትም ለጥንቱ ዊንዶውስ የተሠራ፣ ነው። ዊንዶውስ 11 ደግሞ 64 ቢት ብቻ ስለሆነ አይቀበላቸውም። ኮምፓቲቢሊቲ ሞድ (የድሮ ዊንዶውስ የሚያስመስለው ምርጫ) እያልሽ አትድከሚ። የግድ ካስፈለገሽ ቨርቹዋልቦክስ የሚባል፣ ኮምፒውተርሽ ውስጥ ሌላ ኮምፒውተር የሚያስመስል ፕሮግራም በነፃ ይገኛል፤ ውስጡ ባለ 32 ቢት የድሮ ዊንዶውስ ትጭኛለሽ። ዊንዶውስ ኤክስፒ ከሆነ ግን ኢንተርኔቱን ንቀዪለት፤ የማይክሮሶፍት ድጋፍ የቆመለት በ2014 እ.ኤ.አ. ነው። እኔ እንኳ ለአዲስ ጽሑፍ ዊንዶውስ ራሱ ያለውን የአማርኛ ኪቦርድ ለምጄዋለሁ። ለመጀመሪያው ሳምንት ያናድዳል።

በነገራችን ላይ በኒያላ የተጻፉት ፋይሎችሽ ቅርጻቸው ከተቀየረ አትደንግጪ። ከዊንዶውስ 10 ወዲህ ኒያላ ለብቻው የሚጫን ሆኗል። ሴቲንግ ውስጥ ኦፕሽናል ፊቸርስ ገብተሽ «ኢትዮፒክ ሰፕሊመንታል ፎንትስ» የሚለውን ጨምሪ።

አሮጌው ኮምፒውተር አሁንም ይነሳል? ፎንቶቹን ሳታወጪ ለማንም እንዳትሰጪው።